ለምርመራ የሄደው እንቁላል

እንቁላሉ የነበረው ምሳ ዕቃው ውስጥ ነው፤ ልጅቷ ሳህን ላይ አልነበረም። ይህን የሚያሳየው ፎቶግራፍ ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከጋዝ ምድጃው በላይ ከተለጠፈ ወር ሊሞላው ነው። የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ጠቅልላ ስታመጣው መሳቢያ ውስጥ ልትከተው ነበር፤ ስምሽ በትልቁ የተጻፈበት ነገር መሳቢያ አይገባም ብዬ አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር አጣበቅኩት። በየቀኑ ሽንኩርት ስከትፍ አየዋለሁ። እሷም በየጠዋቱ ሻይዋን ይዛ እሥሩ ትቆማለች። ሁለታችንም እያየነው ሳናየው ከርመን፣ እሷን ሊያመሰግኑ አዳራሽ በተከራዩበት ቀን ጠዋት፣ ለባብሳ ጫማዋን ብቻ ሳታጠልቅ፣ ኩባያዋን ከንፈሯ ላይ እንደደቀነች ደርቃ ቀረች።

"እማዬ፣ እንቁላሉ የት ነው?"

የቁርሱን የጠየቀችኝ መስሎኝ፣ "እየተቀቀለ ነው። ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ ተካፍለን እንበላለን" አልኳት።

አልሰማችኝም። በጣቷ ፖስተሩን ነካችው። አንዲት ወጣት እናትና አራት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጇ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። ልጅቷ ፊት ሰማያዊ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ ሁለት ቁራጭ ድንች። ከጎኑ የመሥሪያ ቤቱ ነጭ ባለክዳን ምሳ ዕቃ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ እሱ ውስጥም ሁለት ቁራጭ ድንች፣ ከላዩ ግን ግማሽ እንቁላል ተጋድሞ አስኳሉ ያፈጣል። የሥራው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የበላችውን ሁሉ እናትየዋ ከዚያው ድስት፣ በዚያው ልክ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ ታስቀምጣለች። ግማሽ ድንች ከበላች ግማሽ ድንች፣ አንድ ማንኪያ ሾርባ ከጠጣች አንድ ማንኪያ ሾርባ። ማታ ሰብሳቢዎች መጥተው ይወስዱና ላቦራቶሪ ውስጥ ተፈጭቶ ስንት ብረት፣ ስንት ዚንክ፣ ስንት ቫይታሚን እንዳለው ይመረመራል። ሕፃን ምን በላህ ቢሉት አያውቅም፤ ምሳ ዕቃው ግን አይዋሽም። ይህን ያለችው ልጄ ናት። ሥራውን ስትጀምር ማታ ማታ ቤት ስትገባ፣ "ምሳ ዕቃ አይዋሽም እማዬ" ትለኝ ነበር።

"ለልጇ ሳይሆን ለእኛ ነው የሰጠችው" አለች፤ ድምፅዋ ልክ ሕፃን ሆና ሲያማት እንደነበረው ሆነ። "ከየቤቱ ምሳ ዕቃው ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበር የሚመጣው። ሥጋ ያለበት ቤት ሥጋው፣ እንቁላል ያለበት ቤት አስኳሉ። ሰብሳቢዎቹ 'ሕዝቡ እኮ ደግ ነው ዶክተር' ሲሉኝ እስቅ ነበር። እስቅ ነበር እማዬ!"

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ከገባኝ በኋላ ግን ምኑም አላስገረመኝም። የተማረ ሰው ቤትህ መጥቶ፣ ምን እንደምትበላ ሊያይ ነጭ ዕቃ አስቀምጦልህ ሲሄድ፣ ድንች ብቻ አድርጎ የሚመልስ ማን አለ? ደጉ ለእንግዳ፣ የተረፈው ለልጅ ነው፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው፣ እንዲህ አድርገንም ነው ያሳደግነው። ልጄ ግን ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ጉድለት ስታጠና ኖራለች። ሲመሽ ዓይናቸውን ዳፍንት የሚጋርዳቸውን ሕፃናት፣ አንገታቸው ላይ እንቅርት ያንጠለጠሉትን እናቶች፣ ጥፍራቸው እንደ ወረቀት የነጣውን ነፍሰ ጡሮች ፍለጋ ያልረገጠችው መንገድ የለም። ሌሎች እኩዮቿ ሙሽራ ሆነው ሲዞሩ እሷ የደም ብልቃጥ የታጨቀበትን የበረዶ ሣጥን ታቅፋ ስትዞር ነው ዕድሜዋ ያለፈው። ይህን ሁሉ አውቃ ይህችን አንዲት ነገር ሳታውቅ ቀረች። ወይም ታውቃለች፤ ነጭ ካፖርቷን ስትለብስ ረሳችው።

ቢረሳስ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። አለበት። ምሳ ዕቃዎቹ፣ እነዚያ ድሃ ሰፈሮች ያሉ ልጆች በቂ ይበላሉ ብለው መሰከሩ። የልጆቹ ደም ደግሞ አይ፣ ደም አንሶናል አለ። ሁለቱ አልገጥም ብለው ልጄን እንቅልፍ ሲያሳጧት ኃላፊዋ መጣና አስታረቃቸው፦ ምግቡማ በቂ ነው፣ ችግሩ የእጅ ቆሻሻና የሆድ ትል ነው። እሷም አመነችው። ስለዚህ ለሕፃናቱ በየወሩ የሚታደለው፣ ብረትና ቫይታሚን የተጨመረበት ዱቄት ይቆማል፤ በምትኩ የንጽሕና ትምህርት ይሰጣል። ውሳኔው የሚጸድቀው ከዛሬው ሥነ ሥርዓት በኋላ ነው። ለልጄም የሚጨበጨብላት ለዚሁ ነው።

"እና ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት።

"እነግራቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"ዛሬ ነዋ። መድረኩ ላይ።"

እኔ ክፉ ነገር ከሩቅ ይሸተኛል። ስልክ ከጠራ ሰው ሞቷል እላለሁ፤ ዝናብ ከጠነከረ ጣሪያው ሊወርድብን ነው እላለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች። ያን ጠዋት ግን የሸተተኝ የሚያስቅ አልነበረም። የምንኖርበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት፣ ከኃላፊው ግቢ ጋር በአንድ አጥር የተያያዘ። ፍራሻችን ዝናብ እየወረደበት መንገድ ዳር ተዘርግቶ ታየኝ። ቁም ሣጥኑ ደረጃው ላይ ተጋድሞ ታየኝ። እሷ በአርባ ምናምን ዓመቷ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ በየቢሮው ደጅ ስትጠና ታየኝ። ያኔ ነው ንዴቱ ከእግሬ ጥፍር የተነሳው፤ በኃላፊው ላይ አይደለም፣ በዱቄቱም አይደለም፤ በእሷ ላይ ነው።

"ወር ሙሉ ያላየሽውን ዛሬ ማየትሽ! ዓይንሽን የት ጥለሽው ነበር? ሻይሽን ጠጥተሽ ዝም ብለሽ ብትሄጂ ምን ነበረበት?"

"እማዬ፣ ልጆች ናቸው እኮ።"

"አንቺስ የሰው ልጅ አይደለሽም? በጠባሽው ጡት ይዤሻለሁ። ዛሬ አትናገሪም። የጻፉልሽን አንብበሽ ትወርጃለሽ። ነገ ቀን ነው፤ ነገ በቢሮ፣ በእርጋታ ትነግሪያቸዋለሽ።"

ነገ ምንም ቀን እንዳልሆነ፣ ነገ ሁሉም ነገር ተፈርሞ እንደሚያድር ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀችና "እሺ" አለች። እንቁላሉን ልጬ ለሁለት ከፈልኩት፤ ሁለታችንም ሳንነካው ወጣን።

ታናሽ ወንድሜ ታክሲውን አጥቦ፣ መስታወቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰክቶ በር ላይ ይጠብቀናል። ሚስቱ እዚያው ልጄ መሥሪያ ቤት ጽዳት ስለሆነች ዛሬ ለእሱም ሠርጉ ነው። "ዶክተሯ! ዛሬ ከኋላ ነው የምትቀመጪው፣ እንደ ሚኒስትር" አለና በሩን ከፈተላት። መንገድ ላይም አላረፈም። ነዳጅ ጨመረ፣ ጎማ ጨመረ፣ የሰው ፀባይ ብቻ ቀነሰ እያለ ቆየና በመስታወቱ አያት። "እስቲ ንገሪኝ የቫይታሚን እመቤት፣ ፀጉሬ እንዲህ የሚረግፈው የምን እጥረት ነው?" ሁልጊዜ ይጠይቃታል፤ ሁልጊዜም "የሚስት ምክር እጥረት ነው ጋሼ" ትለዋለች፤ ሁልጊዜም እንደ አዲስ ይስቃሉ። ዛሬ ወደ ውጭ ታያለች። "አይ፣ ክብር እኮ አፍ ያስራል" አለ ወንድሜ ለራሱ። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ስለ ጡቴና ስላሰርኩት መሐላ አስባለሁ። ልቤ ደልቶት ነበር። አፏን ዘጋሁት፤ ቤታችን ተረፈ።

አዳራሹ ለዛሬ ተብሎ ኖራ ተቀብቶ ገና አልደረቀም፤ የኖራው ሽታ ከሰዎቹ ሽቶ ጋር ተጣልቶ ራስ ያዞራል። ከኋላ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረው ኬኩ፣ የተጠበሰው ዶሮ፣ ፍራፍሬው እንደ ተራራ ተቆልሏል። ከመድረኩ በላይ ያው የወጥ ቤታችን ፎቶግራፍ ቤት አክሎ ተሰቅሏል። ግማሹ እንቁላል የመኪና ጎማ ያህላል። ሥራቸው የሰው ሆድ የሆነ፣ ሌላ ሙያ የሌላቸው ምሁራን በሙሉ ከሥሩ ቆመው ይጨባበጣሉ። ቀና ብሎ ያየው የለም። ያየም ካለ "ቆንጆ ፎቶ ነው" ብሎ ነው ያለፈው።

የፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ። ከአጠገቤ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ከቀሚሷ የሰፋ ሹራብ ደርባ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቀና ብዬ ፎቶውን፣ ዝቅ ብዬ እሷን አየሁ። ራሷ ናት። ሕፃኗም ራሷ ናት፤ ፎቶው ላይ ጉንጭ ያላት ትመስላለች እንጂ።

"እርስዎ የዶክተሯ እናት ነዎት እማማ?"

"ነኝ ልጄ።"

"ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። ቤቴ ገብታ የእኔው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ልጄን አቅፋ ስማ ነው የሄደችው። አልተጠየፈችንም።" ከዚያ አገጯን ወደ ላይ አነሳች። "ይኸውና ሰቀሉን! ሰፈር ውስጥ የፊልም ተዋናይ እያሉ ሲያሾፉብኝ ነው የሰነበቱት።"

መጠየቅ አልነበረብኝም፤ አፌ ቀደመኝ። "ያቺ እንቁላል..."

"እሷማ!" ሳቋን በእጇ ጋረደችው። "ከጎረቤት ለምኜ ነው ያመጣኋት። የተማረ ሰው ቤቴ መጥቶ እንዴት ድንች ብቻ ልስጠው? ምን ይሉኛል? ሚጡዬ አልቅሳ ነበር፣ ስጪኝ ብላ። 'ይሄ የሐኪሞቹ ነው፤ እነሱ ከበሉት አንቺ ይሻልሻል' አልኳት። የሚበሉት ይሁን የሚያዩት እኔ ምን አውቄ! ጎረቤቶቼም እንደዚያው ነው ያደረጉት። አንዷማ ለዕቃው ብላ ጉበት ገዛች፤ ልጆቿ ሽታውን ነው የበሉት።"

"ሌላው ግማሽ እንቁላልስ?"

"ግማሹንማ ለጎረቤቴ መለስኩላት" አለችና ደግሞ ሳቀች። "ዛሬ የጠሩን ለዱቄቱ ነው አሉ። በደንብ የሠሩ እናቶች ይሸለማሉ፣ ዱቄቱም ይጨመርላቸዋል ይባላል። ይጨመር እንዴ እማማ? እኔማ መቀጠሉ ይበቃኛል። እሱ ባይኖር ይቺ ልጅ በእግሯ አትቆምም ነበር።"

እኔ ጥርሴን አሳየኋት። ሚጡ ከእናቷ ጭን ተንሸራትታ ወርዳ አጠገባችን ወዳለው ምሰሶ ሄደች። በጥፍሯ እርጥቡን ኖራ ፋቅ አደረገችና ጣቷን ላሰች። ደግማ ፋቀች፤ ደግማ ላሰች። አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰውዬ በእጁ ሳህን ይዞ ሲያልፍ ዞር ብሎ ራሷን ዳሰሳትና "ጎበዝ!" ብሏት ሄደ። "ተይ ብዬሻለሁ!" አለች እናቷ እጇን ጎትታ እየመለሰቻት፤ "ይህ አመሏ ነው እማማ፣ አፈርም ትበላለች፣ ግድግዳም ትልሳለች፤ ብመታትም አልተወችም።" አመል አይደለም። ልጄ ስንት ጊዜ ነግራኛለች፤ ደሙ ብረት ያጣ ልጅ አፈርና ኖራ ያምረዋል። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፍኩት የማውቀውን ያን አዳራሽ የሞላው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መጽሐፍ ጽፎበታል። ልጅቷ ከመካከላቸው ቆማ ግድግዳቸውን እየበላች ነው፤ እነሱ ዶሮ ያነሳሉ። ጠዋት በልጄ ላይ የነደደው እሳት ያኔ ዞረ። ምን ላይ እንደሚያርፍ ግን አላወቅኩም፤ ሁሉም ላይ ያርፍ ነበር፣ እኔም ላይ ጭምር።

ልጄን ጠሯት። መድረኩ ላይ ወጥታ የተጻፈላትን ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ እንደ ሬዲዮ ዜና ነው። ስለ ብረት አነበበች፣ ስለ ዚንክ አነበበች፣ ስለ ድብቅ ረሃብ አነበበች፣ ሆድ ሞልቶ ደም ስለሚራብበት ረሃብ። ከዚያ "በጥናቱ በተካተቱት ሰፈሮች የሚኖሩ ሕፃናት ከዕለት ምግባቸው..." ብላ ቆመች። ቀና አለችና እኔን አየችኝ። ከዚያ ከጎኔ ያለችውን ሴት አየች። በዓይኔ "ተናገሪ" ልላት ፈለግኩ፤ ዓይን ግን መሐላ አይፈታም። እኔ ባሰርኩት ገመድ ታንቃ ስትቆም እያየሁ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። ያን ጊዜ ኃላፊው ፈገግ ብሎ ተነሳ፤ ትከሻዋን አቀፍ አድርጎ ድምፅ ማጉያውን ወሰደና "ዶክተራችን ደስታው ተናንቋት ነው" አለ። ሰው በሙሉ በፍቅር ሳቀ። "...በቂ ንጥረ ነገር እንደሚያገኙ ተረጋግጧል" ብሎ ጨረሰላት። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ከጎኔ ያለችው ሴት ናት።

ሽልማት ሆነ። የሚጡን እናት በስሟ ጠርተው ሪባን የታሰረበት ካርቶን አሸከሟት፣ ፎቶ አነሷት። ተመልሳ ቁጭ ብላ ሪባኑን ላላ አድርጋ አጮለቀች።

"ሳሙና ነው" አለች። እንደገና አየች፣ ከሥር ሌላ ነገር ያለ መስሏት። "ዱቄቱን በሌላ ቀን ይሆናል የሚሰጡን፣ አይደል እማማ?"

"እንጃ ልጄ።"

እንጃ አልነበረም፤ አውቄዋለሁ። ያንኑ ጊዜ ኃላፊው በረድፉ እየጨበጠ መጣ። "እናታችን! ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለዱልን! ከነገ ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ እሷ ናት፣ ቤቱም የእናንተው ነው" አለኝ። እኔም፣ አፌ ይቆረጥና፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። ጎንበስ ብዬ።

ስንመለስ ወንድሜ መሪውን እየደበደበ ይዘፍናል። ልጄ ከኋላ፣ እኔ ከጎኗ፤ በመካከላችን የሰጧት ዋንጫ ተቀምጧል። አልተያየንም። መብራት ላይ ስንቆም ወንድሜ ዞር ብሎ፣ "እንዲያው ግን እትዬ፣ ይሄን የሚያህል ሹመት በአንድ ቀን! ሚስቴንም ከጽዳት ወደ ፋይል ክፍል ታዛውራታለች፣ አይደል እንዴ ዶክተሯ?" አለ። የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ በራ፤ ከኋላችን ያሉት ጥሩንባ አቀለጡት። እኔ የሚታየኝ ምላስ ነው፤ የሚጡ ምላስ፣ በኖራ የነጣ።

"አቁመው" አልኩት ወንድሜን።

"ምኑን?"

"መኪናውን! ዳር ያዝና አቁመው!"

ሰው የገጨ መስሎት ደንግጦ አቆመ። ወደ ልጄ ዞርኩ። "መሐላዬን አንስቻለሁ። ይኸው ወንድሜ ምስክር ነው። የጠባሽው ጡት አይያዝሽ፤ ፈትቼሻለሁ። ዛሬውኑ ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ፣ ለሰማዩም ለምድሩም ተናገሪ።" እየጮህኩ ነበር፤ መንገደኛው ቆሞ ያየናል። ልጄ እጄን ያዘች። እጇ በረዶ ነው። "እማዬ፣ ጠዋት ስትይዢኝ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። "አንቺ ባትይዢኝም የምናገር አልመሰለኝም። ስሜን ከላይ ጽፈውት... ሃያ ዓመት ሠርቼ... መድረኩ ላይ ቆሜ 'እናቴ ናት ያሰረችኝ' እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።" ከዚህ የባሰ ነገር ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። አቅፌም ላጽናናት አልፈለግኩም፤ ተናድጄባት ነበር፤ ራሴም ላይ ተናድጄ ነበር። "እንግዲያው አሁን ራስሽን አታታልይ" አልኳት።

ወንድሜ፣ ልጄ ስለ ዱቄቱና ስለ ሴትየዋ በአጭሩ ስትነግረው፣ ቀበቶውን ፈቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። "አብዳችኋል እንዴ? ሚስቴ እዚያ ነው የምትሠራው! ቤታችሁ እዚያ ነው! ለማን ተብሎ ነው? ለማታውቋት ሴት?" ልጄ እንደገና ልታስረዳው ስትል አቋረጣት። "እትዬ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትይ? ዝናብ ሲያካፋ ጃንጥላ ይዘሽ አልጋ ሥር የምትገቢው?"

"እኔው ነኝ። አሁንም እፈራለሁ። ንዳ።"

ወንድሜ ከእኛ ቤት ሻይ ሳይጠጣ ሄዶ አያውቅም፤ ያን ቀን ሞተሩን ሳያጠፋ አወረደንና ሄደ። መስታወቱ ላይ የሰካትን አበባ ነቅሎ መንገዱ ላይ ሲወረውራት በዓይኔ አየሁ።

ልጄ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ የደወለችው ዱቄቱን ለሚያድለው ቢሮ ኃላፊ ነው። "ውጤቴን አንስቻለሁ" ስትለው ሰማሁ። "አዎ፣ ዛሬ የተነበበውን። ምሳ ዕቃዎቹ የያዙት የልጆቹን ምግብ አይደለም፤ ለእንግዳ የቀረበ ምግብ ነው።" ሰውዬው ምን እንዳላት አላውቅም፣ ብዙ አወራ። "ገብቶኛል፤ መዋረዱ የእኔ ነው። ግን ውሳኔውን አታጽድቁት። ደማቸውን ስሙ፤ ደማቸው ከመጀመሪያውም እውነቱን ነግሮን ነበር" አለችውና ዘጋች። ከዚያ ያንኑ ጽፋ፣ ፎቶውን አያይዛ፣ አዳራሽ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ ላከችው። ስልኳ ወዲያው መንጫጫት ጀመረ። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይሳደባል፤ አብዛኛው "እርግጠኛ ነሽ?" ነው የሚለው። የዱቄቱ ቢሮ ሰው በመጨረሻ አጭር መልስ ላከ፤ እንደገና እስኪጣራ ድረስ ዱቄቱ እንዲቀጥል ብሏል። ልጄ አነበበችልኝና ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ደስ አላለንም። ምን ያስደስታል? እኔ የትኛውን ዕቃ በምን እንደምንጭን፣ ቁም ሣጥኑ የማን ቤት እንደሚገባ፣ በዚህ የኪራይ ዋጋ የት ዳር እንደምንወጣ ነበር የማሰላስለው። ድንች ላጥኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ቀና ብዬ ግድግዳውን ላለማየት ጀርባዬን ሰጠሁት።

ራት ስናቀርብ በሩ ተንኳኳ። አንኳኳኩን አውቀዋለሁ፤ የልጄ ኃላፊ በአጥሩ በኩል ሲመጣ በሁለት ጣቱ ነው የሚመታው። ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን፣ ስንት ጊዜ "ይግቡ፣ ይግቡ" እያልኩ ወንበር በቀሚሴ ጠርጌ አስቀምጬዋለሁ። ልጄ ልትነሳ ስትል በትከሻዋ መልሼ አስቀመጥኳትና ሄጄ ከፈትኩ። ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራባቱን ብቻ አላልቷል።

"እናታችን፣ እንዴት አመሹ? ልጃችን አለች?"

"አለች።"

"እስቲ ትንሽ ልግባና እንጫወት።"

ከበሩ ፈቀቅ አላልኩም። እሱም አልጠበቀውም መሰል፣ አንድ እግሩን አንስቶ መልሶ አሳረፈው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ድካም ነው፣ ይገባኛል። የላከችውን በድካም ነው ትበልና ትመልሰው። እስከ ነገ ሁሉም ይረሳዋል። እኔ እኮ የማስበው ለእሷ ነው።"

"ፎቶውን አይተውታል?" አልኩት።

"ፎቶውን? የመረጥኩት እኔ ነኝ እንጂ። ከብዙ ፎቶ መካከል።" ፈገግ አለ። "አዎ፣ እናታችን፣ አይቼዋለሁ። ግማሽ እንቁላል ናት። የስንት ዓመት ጥናት በግማሽ እንቁላል ይፈርሳል? የምርምር ሥራ እንዲህ ጥቃቅኑን እያዩ አይሆንም።"

የልጄ ሥራ በሙሉ ጥቃቅኑን ማየት እንደሆነ ልነግረው ፈለግኩ። ግን እሱ ያውቀዋል። አይቶታል፣ አውቆ ሰቅሎታል። ሙያውን የምታከብርለት ልጄ ስታጨበጭብለት ኖራለች፤ እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ እግዜር ይስጥልኝ ብዬዋለሁ። እሱ ደግሞ ቀጠለ፤ እንደ ልጅ ለስለስ ብሎ። "ለእርስዎም ነው የማስበው። በዚህ ዕድሜዎ ቤት ፍለጋ ሲንከራተቱ ማየት አልፈልግም። ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ያውቃሉ።"

ይኸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ስፈራው የዋልኩት ነገር መጣ፤ ክራባቱን አላልቶ ደጄ ላይ ቆመ። ከኋላዬ የልጄ ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ እሰማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም፣ አሁን መብላት ጀምራለች።

"ልጄ ራት ላይ ናት" አልኩት።

ራት ላይ ደርሶ "እንብላ" ሳልለው የመለስኩት ሰው በሕይወቴ የለም። ጠላቴንም ብያለሁ። እሱም እሱን ነበር የሚጠብቀው፤ ቆሞ አፍ አፌን ያየኛል። አላልኩትም። "ደህና ይደሩ" ብዬ በሩን ገፋሁት፤ ፊቱ ጠበበ፣ ጠበበና ጠፋ። ከውጭ ገና ቆሞ ይተነፍሳል። ቁልፉን አስገባሁና እስከ መጨረሻው አዞርኩት።